ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍና በራሱ ሲጠፋ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

ኮምፒውተር ተንቀራፈፈ ሲባል ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሰነዘረው ምክር «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ፎርማት ማድረግ ቦታውን ካገኘ ጥሩ መፍትሄ ነው፤ መንስኤው ሳይታወቅ ሲደረግ ግን ችግሩ ከዕቃው ከሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመልሶ ይመጣል፤ ምን እንደተበላሸ ሊነግሩን ይችሉ የነበሩትን መዝገቦችም ጠራርጎ ይወስዳል። ሦስት ጊዜ ፎርማት ተደርጎ ያልዳነ ኮምፒውተር አጋጥሞኝ፣ ጥፋቱ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ኬብል ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው መመሪያ የተጻፈው በዊንዶውስ 10 ወይም 11 ለሚሠራ ዴስክቶፕ ሲሆን፣ አካሄዱ መጀመሪያ ምልክቱን መለካት፣ ቀጥሎ መንስኤውን መለየት፣ በመጨረሻ ብቻ እጅን ወደ ጥገና መስደድ ነው።

ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ጠቃሚ ፋይሎችዎን ወደ ሌላ ዲስክ ይቅዱ፤ መንቀራፈፍ የሚሞት ሃርድ ዲስክ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላልና። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ የቀየሩትንም ወረቀት ላይ ይጻፉ። ሁለት ነገር አብሮ የቀየረ ሰው ኮምፒውተሩ ቢስተካከል እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

በየቀኑ ያጠፉት ኮምፒውተር ለምን ለቀናት ያልጠፋ ይመስላል?

ዊንዶውስ ከ8ኛው እትም ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል አሠራር አለው። ይህ አሠራር ሲበራ፣ ሻት ዳውን በተደረገ ቁጥር ሲስተሙ የውስጠኛውን ክፍል ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ በማግስቱ ሲበራ ካቆመበት ይቀጥላል። ተጠቃሚው ማታ ማታ አጥፍቶ ቢያድርም የተሰናከለው ድራይቨር (ዊንዶውስን ከዕቃዎቹ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) አብሮት ይሰነብታል ማለት ነው። ይህንን ለማረጋገጥ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች በአንድነት ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ ላይ ሲፒዩን (ፕሮሰሰሩን) ሲመርጡ አፕ ታይም የሚለው፣ ማለትም ሲስተሙ ከአዲስ ሳይነሳ የቆየበትን ጊዜ የሚናገረው ቁጥር ብዙ ቀናት ካሳየ ሪስታርት ያድርጉ። ሪስታርት ሲስተሙን ሙሉ በሙሉ ከአዲስ ስለሚያስነሳ ሻት ዳውን ያልፈታውን ይፈታል።

ችግሩ ከቀጠለ ኮምፒውተሩ በተንቀራፈፈበት ሰዓት እዚያው ታስክ ማናጀር ላይ ሲፒዩ፣ ሜሞሪና ዲስክ የሚሉትን ሦስት ዓምዶች ይመልከቱ። ከዚህ በኋላ መንገዱ የሚለያየው የትኛው ዓምድ ሞላ በሚለው ነው።

ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ሲቆም

ለዚህ ክፍል ሰፊ ቦታ የሰጠሁት በቆዩ ዴስክቶፖች ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚያጋጥመው ይህ ስለሆነና ፋይል የሚያሳጣውም ይኸው ስለሆነ ነው። እዚህ ላይ የሚታየው 100 በመቶ ዲስኩ በሥራ ላይ ያሳለፈውን ጊዜ እንጂ ያስተላለፈውን የመረጃ መጠን አይገልጽም። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ የሚያነበው ክንድም ከቦታ ቦታ ለመሄድ ተመሳሳይ ጊዜ ይወስዳል። በመሆኑም እዚህም እዚያም የተበተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ሲያነብ በሰከንድ ማስተናገድ የሚችለው ጥያቄ ከ100 ብዙም አይዘልም። ኤስኤስዲ፣ ማለትም መረጃን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጠው ዲስክ፣ የሚዞር አካል ስለሌለው በዚያው አንድ ሰከንድ ውስጥ አሥር ሺዎችን ያስተናግዳል። ልዩነቱ ይህን ያህል ስለሆነ፣ ዊንዶውስ በሃርድ ዲስክ ላይ ተጭኖ ሳለ ሲነሳ ብዙ ደቂቃ የሚወስድ ከሆነ፣ ዲስኩ ጤነኛ ቢሆን እንኳ ሲስተሙን ወደ ኤስኤስዲ ማዛወር ከማንኛውም ሌላ ለውጥ የበለጠ ውጤት ያመጣል።

ነገር ግን ዲስኩ ጤነኛ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በፐርፎርማንስ ገጽ ላይ አቨሬጅ ሪስፖንስ ታይም የሚለውን፣ ማለትም ዲስኩ ለአንድ ጥያቄ ለመመለስ በአማካይ የሚፈጅበትን ጊዜ ይመልከቱ። ሥራ የበዛበት ሃርድ ዲስክ በአሥራዎች የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ሊያሳይ ይችላል፤ ቁጥሩ በብዙ መቶዎች ወይም በሺዎች እየቆየ የሚተላለፈው መረጃ ግን በሰከንድ ከ1 ሜጋባይት በታች ከሆነ፣ ዲስኩ ሊያነበው ያልቻለውን ቦታ ደጋግሞ እየሞከረ ሊሆን ይችላል። ቀጣዩ እርምጃ ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘውን ስማርት የተባለ መዝገብ ማየት ነው፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን የመሰሉ ነጻ ፕሮግራሞች ያሳዩታል። ከተደረደሩት ቁጥሮች መካከል አራቱን ይፈልጉ። ቁጥር 5 ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮችን (መረጃ የሚቀመጥባቸውን የዲስኩን ትንንሽ ክፍሎች)፣ 197 አልነበብ ብለው ውሳኔ የሚጠብቁትን፣ 198 ሊጠገኑ ያልቻሉትን ያመለክታሉ፤ 199 ደግሞ በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል መረጃ ሲተላለፍ የተፈጠሩ ስህተቶችን ይቆጥራል። አንዳንድ ፕሮግራሞች 197ን ሲ5፣ 198ን ሲ6፣ 199ን ሲ7 ብለው ይጽፏቸዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከዜሮ በላይ ሆነው በየቀኑ የሚጨምሩ ከሆነ ዲስኩ እየሞተ ነው፤ መፍትሄው ያልተቀዳውን ሁሉ ወዲያውኑ ቀድቶ ዲስኩን መተካት ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አደራ እላለሁ፦ ፋይሎችዎ በሌላ ቦታ ሳይቀመጡ ቼክ ዲስክ የሚባለውን መጠገኛ አያሂዱ። መጠገኛው ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር እያስነበበ ለደከመ ክንድ የመጨረሻውን ጫና ሊጨምርበት ይችላል። የጨመረው 199 ብቻ ከሆነ ግን ዲስኩን አይጣሉ፤ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን የሳታ ኬብል በአዲስ ይተኩ። ይህ ቁጥር ወደ ኋላ ስለማይመለስ፣ መዳኑ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ መጨመሩን ሲያቆም ነው።

ዲስኩ ኤስኤስዲ ሆኖ የሚንቀራፈፍ ከሆነ በቅድሚያ ባዶ ቦታውን ይመልከቱ፤ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን ባዶ መተው ይመከራል። በእጅ ዲፍራግመንት ማድረግ፣ ማለትም የተበታተኑ የፋይል ክፍሎችን መሰብሰብ፣ ለኤስኤስዲ አይጠቅምም፤ ዊንዶውስ የሚያስፈልገውን ጽዳት በራሱ ጊዜ ያከናውናል።

ሜሞሪው ሲሞላ

ራም (ሜሞሪው) ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ስለሚያዛውር የሜሞሪ ችግር ብዙውን ጊዜ የዲስክ ችግር መስሎ ይታያል። ሜሞሪው 90 በመቶ አካባቢ ደርሶ ዲስኩም አብሮ ከተጨናነቀ፣ መንስኤው ሜሞሪው ነው። ፕሮግራሞቹን በሜሞሪ አጠቃቀማቸው ይደርድሩ፤ ከላይ የሚገኘው ብሮውዘር ከሆነ የማይጠቀሙባቸውን ታቦችና ኤክስቴንሽኖች ይቀንሱ፤ ቀጥሎም ስታርትአፕ በሚለው ገጽ ላይ ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ያሰናክሉ። 4 ጊጋባይት ብቻ ያለው ኮምፒውተር በዚህ ትንሽ እፎይ ቢልም ለዛሬው የብሮውዘር አጠቃቀም 8 ጊጋባይት ዝቅተኛው ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የተባሉት የራም ዓይነቶች በአንድ ቦታ ስለማይገቡ ከመግዛትዎ በፊት ማዘርቦርዱ የሚቀበለውን ይወቁ። 8 ጊጋባይት ተገጥሞ ሲስተሙ 3.5 አካባቢ ብቻ እጠቀማለሁ ካለ፣ የተጫነው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ሊሆን ስለሚችል ወደ 64 ቢት መቀየር እንጂ ተጨማሪ ራም አያስፈልገውም።

ፕሮሰሰሩ ሲጨናነቅ ወይም ሲግል

ሲፒዩውን የያዘው ፕሮግራም በስሙ ከታወቀ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሁለት አንቲቫይረስ አብረው ተጭነው ከሆነ አንዱን ያስወግዱ። ሲስተም ኢንተራፕትስ የሚለው መስመር ከፍ ብሎ ከቆየ ግን ጥፋቱ ከድራይቨር ወይም ከተሰካ ዕቃ ስለሆነ፣ በዩኤስቢ የተሰኩትን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩ የሚወርድበትን ይለዩ። ፋኑ ያለ ምክንያት እየጮኸ ታስክ ማናጀር በተከፈተ ቅጽበት ጸጥ የሚል ከሆነ ደግሞ የኮምፒውተርዎን ጉልበት በስውር የሚጠቀም ቫይረስ ይጠርጥሩ፤ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ሲስተሙ ሳይነሳ የሚካሄድ ኦፍላይን ፍተሻ ስላለው እርሱን ያስኪዱ።

ሦስቱም ዓምዶች ሳይሞሉ ኮምፒውተሩ ከተንቀራፈፈ ሙቀቱን ይለኩ። ብዙ ፕሮሰሰሮች ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርሱ ራሳቸውን ለመጠበቅ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ መደበኛ ፍጥነቱ ከ3 ጊጋኸርትዝ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር ሥራ በበዛበት ሰዓት 1 ጊጋኸርትዝ እንኳ ካልሞላ ምልክቱ ይኸው ነው። መንስኤው በአቧራ የታፈነ ማቀዝቀዣ፣ የደረቀ ተርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት)፣ ወይም ኮምፒውተሩ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ከአራቱ የማቀዝቀዣ መያዣዎች አንዱ መላቀቁ ሊሆን ይችላል። የኃይል ገመዱን ነቅለው፣ የፋኑን ክንፍ በጣትዎ ይዘው አቧራውን በአየር ያስወግዱ፤ ፋኑ ሳይያዝ በአየር ግፊት ቢሽከረከር ኩሽኔታው ሊጎዳ ይችላል። አሮጌው ፔስት በአልኮል ተጠርጎ በአተር ፍሬ መጠን አዲስ ይደረግበታል። ሙቀቱ ደህና ከሆነ የኃይል አጠቃቀሙ ወደ ቁጠባ ተቀይሮ እንዳይሆን ፓወር ኦፕሽንስ ላይ ይመልከቱ።

የሚንተባተበው ጌምና ቪዲዮ ብቻ ከሆነ የስክሪኑ ኬብል የት እንደተሰካ ያረጋግጡ፤ የግራፊክስ ካርድ እያለ ኬብሉ ከማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ መገኘቱ ከሚታሰበው በላይ የተለመደ ነው።

ሳይታዘዝ ሲጠፋና ሰማያዊ ስክሪን ሲመጣ

በድንገት የጠፋ ኮምፒውተር ሲነሳ ኢቨንት ቪወር በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ማሳያ ውስጥ ከርነል ፓወር 41 የሚል መዝገብ ይተዋል። ብዙዎች ይህን የፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ብልሽት ማረጋገጫ አድርገው ይወስዱታል፤ መዝገቡ የሚናገረው ግን ሲስተሙ በሥርዓት አለመዘጋቱን ብቻ ነው። ጊዜውን ማስተዋል የተሻለ ይጠቁማል። ከደቂቃዎች ከባድ ሥራ በኋላ ሙቀቱ ጣሪያ ነክቶ ከጠፋ ማቀዝቀዣውን፣ ሙቀቱ ሳይጨምር ጌም በተከፈተበት ቅጽበት ከጠፋ ፓወር ሰፕላዩን ይጠርጥሩ። ፓወር ሰፕላይን በሌላ ደህና መሆኑ በታወቀ ይሞክሩ፤ ከመብራት ከተነቀለም በኋላ ውስጡ አደገኛ ኃይል ሊይዝ ስለሚችል ፈጽሞ አይፍቱት።

ሰማያዊው ስክሪን ሲመጣ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። በተደጋጋሚ አንድ ዓይነት ኮድና የአንድ ድራይቨር ፋይል ስም ከታየ፣ ዲቫይስ ማናጀር ላይ ያንን ድራይቨር ወደ ቀድሞው እትም ይመልሱ። ኮዱ በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራም ነው። በባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት በሚነሳው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለው የራም ማፍጠኛ በርቶ ከሆነ አጥፍተው ይሞክሩ፤ ካልሆነ ኮምፒውተሩን ነቅለው ራሞቹን አውጥተው መልሰው ያስገቡ፤ ከዚያም አንድ አንዱን ብቻ እያስቀሩ በዊንዶውስ ሜሞሪ ዲያግኖስቲክ ይፈትሹ። ራሙ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ የሲስተሙን ፋይሎች ያስጠግኑ፤ ከዊንዶውስ ጋር ከሚመጡት ሁለት የጥገና ትእዛዞች በቅድሚያ ዲስም፣ ቀጥሎ ኤስኤፍሲ ይሂድ። ቅደም ተከተሉ አስፈላጊ የሆነው ኤስኤፍሲ የተበላሸውን ፋይል የሚተካው ዲስም ከሚያድሰው ክምችት ወስዶ ስለሆነ ነው።

ሰዓቱ ኮምፒውተሩ ተነቅሎ በቆየ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመለስና ድረ ገጾች የደህንነት ማስጠንቀቂያ የሚያሳዩ ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሲአር2032 የተባለ ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ይቀይሩ።

ፎርማት ማድረግ ተገቢ የሚሆነው እንግዲህ ዲስኩ፣ ራሙና ሙቀቱ ተፈትነው ደህና ከሆኑ፣ ጥገናውም ካልረዳ፣ ወይም ቫይረሱ ስር ሰድዶ ከሆነ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ከአዲስ የሚጫነው ኮምፒውተሩ ከፈቀደ 11 ቢሆን ይሻላል፤ ለዚህም ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ክፍል በባዮስ ውስጥ መኖሩንና መብራቱን አስቀድመው ያረጋግጡ። ከተጫነ በኋላ የማዘርቦርዱንና የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር ብቻ አስገብተው አንድ ቀን ይሥሩበት፤ የቀሩትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ፣ በመካከላቸው ታስክ ማናጀርን እያዩ ይመልሱ።