ባዝራ ሲያስጠቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥር 23፣ በአገው ፈረሰኞች በዓል፣ እንጅባራ ላይ የቆመ ሰው የሚያወራው ስለ ድንጉላ (ስላልተኮላሸ ወንድ ፈረስ) ነው። የቱ ቀደመ፣ የማን ዘር ነው፣ አባቱ ማን ነበር። እናቱን ሲጠይቅ የሰማሁት የለም። ባዝራዋ፣ ሴቷ ፈረስ፣ ጓሮ ታስራ ትውላለች። የምናጠፋውም እሷ ላይ፣ ስናስጠቃት (ከድንጉላ ስናገናኛት) ነው።

አባቱን ብቻ መምረጥ። ውርንጭላው ግማሽ ዘሩን የሚወስደው ከእናቱ ነው። እኛ ዘንድ ግን ለጋሪም ለጭነትም ያልሆነችውን «እንግዲህ ትውለድ» ብሎ መተው ልማድ ነው። በአደጋ ያነከሰች ከሆነች ግድ የለም። እግሯ ከተፈጥሮው የተጣመመ ከሆነ ግን ልጇም ሊወርሰው ይችላል።

አንድ ቀን ወስዶ መመለስ። ብዙ ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው። ባዝራ በ21 ቀን ገደማ አንዴ ትደራለች፣ ማለትም ወንድ ትፈልጋለች፤ ድራቱ ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆያል። እንቁላሉ የሚለቀቀው ድራቱ ሊያበቃ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። እኛ ደግሞ ጭራዋን ስታነሳ ባየንበት ቀን እየሮጥን ወስደን እናስጠቃትና «በቃ ያዘች» ብለን እንመለሳለን። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ አንድ ቀን እየዘለላችሁ ድራቷ እስኪያበቃ ድረስ አስጠቋት። ድንጉላ አጠገቧ ከሌለ ምልክቱን ላታሳይ ትችላለች። ሲጠጋት ጭራዋን አንስታ፣ እግሯን ከፈት አድርጋ፣ ቶሎ ቶሎ ጠብ እያደረገች ከሸናች ደርታለች። ጆሮዋን ወደኋላ ጥላ ከረገጠችው ገና ናት፣ ወይም አልፎባታል። ከ16ኛው ቀን በኋላ ደግሞ ድንጉላውን መልሳችሁ አሳዩዋት። ከተቀበለችው አልያዘችም ማለት ነው።

ቀኑን አለመመዝገብ። ባዝራ የምታረግዘው በአማካይ 340 ቀን ነው። አጎቴ የተጠቃችበትን ቀን በከሰል የበረቱ ግድግዳ ላይ ይጽፍና 25 ቀን ወደኋላ ይቆጥራል። የሚመጣው ዓመት መውለጃዋ ያ ነው፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። ለጥር 23 በዓል ብላችሁ ካስጠቃችኋት ውርንጭላው ለገና ዋዜማ ይደርሳል፤ ሣሩ ደርቆ ጡቷ ሊጎድል ሲል ማለት ነው። መስከረም 15 ብትጠቃ ግን ነሐሴ 25 አካባቢ ትወልዳለች። ዝናቡ ሊያባራ፣ ሣሩ እስከ ጉልበት። ግጦሹን ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዛፍ በወረሰበት በፋግታ ለኮማ ወረዳ በኩል ይሄ ስሌት የበለጠ ያስፈልጋል።

ልጅ ባዝራ ማስጠቃት። በዓመት ተኩሏ ልትደራ ትችላለች። ሦስት ዓመት እስኪሞላት ጠብቋት።

ከወለደች በ9ኛው ቀን መቸኮል። ከወሊድ በኋላ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ትደራለች። በሰላም ወልዳ በደንብ ካገገመች ይሞከራል። ምጥ የጠናባት ከሆነች ግን ያኛውን አሳልፋችሁ የሚቀጥለውን ጠብቁ።

ምርጧን ባዝራ በየዓመቱ ለአህያ መስጠት። «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት፣ እናቴ ፈረስ ናት አለች» ይባል የለ። በቅሎ ገንዘብ ታመጣለች፣ አልክድም። ግን መካን ናት፤ እሷ ላይ ዘሩ ይቆማል። አንድ ዓመት ለአህያ፣ አንድ ዓመት ለፈረስ ማድረግ ያዋጣል።

ድንጉላውን ሳይመረምሩ ማቅረብ። በስሪያ የሚተላለፍ ዶሪን የሚባል በሽታ አለ። ክትባት የለውም። በአገራችን በአርሲና በባሌ ደጋ በደንብ ይታወቃል፤ ፈረስ ግን ይሸጣል፣ ይለወጣል። ብልቱ ያበጠ፣ እየበላ የሚከሳ ወይም የኋላ እግሩን የሚጎትት ድንጉላ ዘሩ የቱንም ያህል ቢወራለት ይቅርባችሁ።

እስከ መውለጃዋ ጋሪ ማስጎተት። ፅንሱ በብዛት የሚያድገው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። ያኔ ሸክሙ ይቀንስላት፣ ገብስ ወይም አጃ ይጨመርላት።

የመጨረሻው እኔም ያጠፋሁት ነው። የጎረቤታችን ባዝራ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ወለደች። ውርንጭላው በአንድ ሰዓት ውስጥ ቆመ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠባ። ደስ አለን። እንገሩን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ካልጠባ በሽታ የሚከላከልበት ነገር አይኖረውማ፤ በማህፀን ሳለ ከእናቱ አያገኘውም። እናቲቱን ግን ረሳናት። ጠዋት እንግዴ ልጁ ተንጠልጥሎ አየነው። «ላሜም እንዲህ ሆና ነበር፣ ነገ ይወድቃል» አሉ ባለቤቷ። እኔም አብሬ አዎ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት፣ ሰኮናዋ ጋለ፣ አንድ እርምጃ መራመድ አቃታት።

ላም ብትዘገይም ልትታገሥ ትችላለች። የባዝራ እንግዴ ልጅ ግን በሦስት ሰዓት ውስጥ መውጣት አለበት። ካልወጣ አትጎትቱት፤ እንዳትረግጠው ወደ ላይ ቋጥሩትና ሐኪም ጥሩ። አሁን የእንስሳት ሐኪሙ ስልክ አጎቴ በረት ውስጥ፣ ከከሰሉ ቀን ጎን ተጽፏል።