የቦታ ስም ከባሕር እንስሳ መምጣቱን እንዴት ማጣራት ይቻላል?

«ይህ ቦታ ስሙን ያገኘው ከዓሣ ነባሪ ነው» ብሎ ለመጻፍ አራት ነገር መታወቅ አለበት፦ ስሙን ማን አወጣው፣ በየትኛው ቋንቋ፣ መቼ፣ ለምን። መምህርም ሆናችሁ የጥያቄና መልስ አዘጋጅ፣ ተርጓሚም ሆናችሁ የዊኪፒዲያ ጸሐፊ መንገዱ ያው ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩት ዝርዝሮች አብዛኞቹ ትርጉሙን ብቻ ይዘው ሌላውን ይዘላሉ፤ ስህተት የሚገባውም በዚያ በኩል ነው።

መጀመሪያ ባለ ስድስት ዓምድ ሠንጠረዥ አዘጋጁ፦ የዛሬው ስም፣ የላቲን አጻጻፉ፣ የወጣበት ቋንቋ፣ ያወጣው ሰውና ዓመቱ፣ እንስሳው፣ ምክንያቱ። የላቲን አጻጻፉ የራሱ ዓምድ የሚያስፈልገው በፊደላችን ስንጽፍ የሚጠፋ ልዩነት ስላለ ነው። የብሪታንያዋ ዌልስና የዓሣ ነባሪ የእንግሊዝኛ ስም በአማርኛ ሲጻፉ አንድ ይመስላሉ። በላቲን ግን አጻጻፋቸው ይለያያል፤ ምንጫቸውም አይገናኝም። ዌልስ የጥንት እንግሊዞች ጎረቤቶቻቸውን «ባዕዳን» ብለው ከጠሩበት ቃል የወጣ ስም ነው።

ቀጥሎ የመጀመሪያውን ምስክር ፈልጉ። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ስሙ ሲወጣ እዚያው የነበረ ሰው የጻፈው ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለው ኬፕ ኮድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1602 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) እንግሊዛዊው ባርቶሎሚው ጎስኖልድ መርከቡን ይዞ ሲደርስ አብሮት የነበረው ገብርኤል አርቸር ማስታወሻ ይዟል። ቦታውን መጀመሪያ «ሾል ሆፕ» ብለውት ነበር፤ በ15 ፋተም፣ ማለትም 27 ሜትር ገደማ በሆነ ጥልቀት መልሕቅ ጥለው ብዙ ኮድ ዓሣ ስላጠመዱ ግን ስሙን እንደለወጡት አርቸር ራሱ ጽፏል። ሰጪው፣ ቋንቋው፣ ዓመቱና ምክንያቱ በአንድ ጽሑፍ ተገኙ ማለት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሴልሲ የምትባለውም ቦታ ምስክር አላት፦ ቢድ የተባለው መነኩሴ በ731 ባጠናቀቀው የታሪክ መጽሐፉ የስሟን ትርጉም የአቆስጣ (በባሕር ዳር የሚኖር አጥቢ እንስሳ) ደሴት ሲል በላቲን አስቀምጦታል። እንዲህ ያለ ምስክር ባላችሁበት ቦታ ሌላ መላምት መደርደር አያስፈልግም።

ጽሑፍ ካልተገኘ ወደ አሮጌ ካርታ ሂዱ። የዴቪድ ራምዚ የካርታ ስብስብ በነፃ ይከፈታል፤ ካርታውንም አጉልቶ ማየት ይቻላል። አንድ ካርታ አይበቃም። ቢያንስ ሦስት አወዳድሩ፦ የምታገኙትን እጅግ የቆየውን፣ ከእሱ መቶ ዓመት ያህል በኋላ የተሠራውን፣ የዛሬውን። ሁለት ነገር ያሳስታል። በድሮ ኅትመት በቃል መሀል የሚገባው ረጅሙ «ኤስ» «ኤፍ» ይመስላል፤ ደግሞም አጻጻፉ አንድ ወጥ አይደለም። ካርታ ሠሪው ኦርቴሊየስ በ1570 ባሳተመው አትላስ ጋላፓጎስን «ጋሎፔጎስ» ብሎ ጽፏል፤ በዛሬው አጻጻፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው ያልፈዋል። በነገራችን ላይ ጋላፓጎስ በባሕር እንስሳት ዝርዝር ውስጥ መግባት የለበትም። በውቅያኖስ መሀል ቢገኝም የተሰየመው በየብስ ኤሊዎች ነው።

የዓመቱ ጉዳይ ቀላል አይደለም፤ አንድ ቦታ ስሙን ሊቀያይር ይችላል። ኮሎምበስ በ1503 በካይማን ደሴቶች በኩል ሲያልፍ በባሕር ኤሊዎቹ ብዛት የተነሣ «ላስ ቶርቱጋስ»፣ ማለትም «ኤሊዎቹ» ብሏቸው ነበር። ዛሬ የያዙት ስም ግን ከአዞ የመጣ ነው። ስለዚህ «ካይማን በባሕር ኤሊ ስም የተሰየመ ነው» የሚለው ሐሰት ነው፤ «በ1503 በባሕር ኤሊ ስም ተጠርቶ ነበር» የሚለው ግን እውነት ነው።

አሁን ወደ ካሜሩን እንሂድ፤ ብዙ ሰው በግማሹ የሚያውቀው ጉዳይ ስለሆነ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። ፖርቱጋሎች በ1470ዎቹ ዛሬ ዱዋላ ከተማ ወዳለችበት ወደ ዉሪ ወንዝ አፍ ደረሱ። ውሃው ውስጥ ካዩት የሽሪምፕ (ትንሽ ቅርፊታም የውሃ እንስሳ) ብዛት የተነሣ ወንዙን በቋንቋቸው «ሪዮ ዶስ ካማሮይስ»፣ ማለትም የሽሪምፖች ወንዝ አሉት። ስሙ የወጣው ለወንዙ ነበር፤ አገር የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ከወንዙ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተዛመተ፤ ጀርመኖች በ1884 ቅኝ ግዛት ሲያቋቁሙ በእነሱ አጻጻፍ የግዛቱ ስም ሆነ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረንሳይና እንግሊዝ ተካፍለው እያንዳንዳቸው በቋንቋቸው ጻፉት። ስለዚህ ትክክለኛው ዓረፍተ ነገር «ካሜሩን ስሟን ያገኘችው በሽሪምፕ ስም ከተጠራ ወንዝ ነው» የሚለው ነው። እንስሳውም ቢሆን ሬስቶራንት የሚቀርበው ዓይነት አይደለም። በጭቃ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር፣ አልፎ አልፎ በወንዙ አፍ በጅምላ ብቅ የሚል ፍጡር ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ሌፒዶፍታልመስ ተርኔራነስ ይባላል። በሠንጠረዡ «እንስሳው» በሚለው ዓምድ ሥር ይህን ያህል መለየት ከተቻለ ሥራው በደንብ ተሠርቷል።

የትርጉም አፕሊኬሽን ላይ ብቻ መደገፍ ብዙ ያሳስታል። ኡሩጓይ ውስጥ ከፑንታ ዴል ኤስቴ ፊት ለፊት ያለችውን ኢስላ ዴ ሎቦስ አፕሊኬሽኑ «የተኩላዎች ደሴት» ብሎ ሊተረጉምላችሁ ይችላል። ስፓኞች ግን የባሕር አንበሳን «ሎቦ ማሪኖ» ይሉታል፤ ደሴቲቱም እስከ ዛሬ የእነሱ መናኸሪያ ናት። ስለዚህ ቃሉን የባሕር ሰዎች በምን ትርጉም ይጠቀሙበት እንደነበር በትልቅ መዝገበ ቃላት አጣሩ። ማንዴላ በታሰሩበት በሮበን ደሴት ግን ይህ ችግር የለም፤ በደች ቋንቋ «ሮበን» አቆስጦች ማለት ነው።

ምክንያቱን ስትሞሉ ከአራት አንዱን ምረጡ፦ እንስሳው እዚያ ታይቶ፣ ተይዞ ወይም ተበልቶ፣ የቦታው ቅርጽ እንስሳውን መስሎ፣ ወይም በሰው ወይም በመርከብ ስም በኩል። አንድ ቃል በሁለት የተለያዩ ምክንያቶች የቦታ ስም ሊሆን ይችላል። ከሄይቲ ሰሜን ያለችው ቶርቱጋ ስሟን ያገኘችው ከሩቅ ስትታይ ኤሊ ስለምትመስል ነው። በፍሎሪዳ በኩል ያሉት ድራይ ቶርቱጋስ ደግሞ ፖንሴ ዴ ሊዮን በ1513 እውነተኛ የባሕር ኤሊዎችን ስለያዘባቸው ነው፤ «ድራይ» ማለትም «ደረቅ» የሚለው በኋላ የተጨመረው የሚጠጣ ውሃ ስለሌላቸው ነው። አንጉዊላም ረጅምና ቀጭን በመሆኗ ኢል በሚባለው እባብ መሰል ዓሣ ተሰየመች።

አራተኛው ምክንያት የብዙዎች መውደቂያ ነው። አላባማ ያለችው ዶፊን ደሴትና ማዳጋስካር ያለችው ፎር ዶፊን በዶልፊን አልተሰየሙም። «ዶፋን» የፈረንሳይ አልጋ ወራሽ ማዕረግ ነበር። ማዕረጉ ራሱ ከዶልፊን ስም መምጣቱ እውነት ነው፤ ቢሆንም ስሙን ያወጡት ሰዎች ያሰቡት ልዑሉን ነው። አንታርክቲካ ያለው ፖርፖይዝ ባሕረ ሰላጤም በዶልፊን መሰሉ እንስሳ በፖርፖይዝ ሳይሆን የአሜሪካዊው ዊልክስ የአሰሳ ጉዞ መርከብ በነበረችው በ«ፖርፖይዝ» የተሰየመ ነው።

የተጓዦችን ጽሑፍ ስታነቡ የእንስሳውን ማንነት እንዳለ አትቀበሉ። እንግሊዛዊው መርከበኛ ዊልያም ዳምፒየር በ1699 የአውስትራሊያውን ሻርክ ቤይ ሲሰይም ሰዎቹ ብዙ ሻርክ ይዘው በልተዋል፤ ይህ አያጠራጥርም። ከአንዱ ሻርክ ሆድ ግን «የጉማሬ» ጭንቅላትና አጥንት ወጣ ብሎ ጽፏል። አውስትራሊያ ጉማሬ የለም፤ ዛሬ ዱጎንግ (የባሕር ሣር የሚበላ ትልቅ አጥቢ እንስሳ) እንደነበር ይታመናል፤ በዚያ ባሕረ ሰላጤ ዱጎንግ በብዛት ይኖራልና።

የአገሬው ሰዎች ያወጡት ስም ከሆነ ከመርከበኞች ማስታወሻ በፊት የአገሩን ይፋ የቦታ ስሞች መዝገብ እዩ፤ ኒውዚላንድ የራሷን ኢንተርኔት ላይ ታወጣለች። ካይኮራ ዛሬ በዓሣ ነባሪ ጉብኝት ትታወቃለች፤ የማኦሪ ስሟ ግን «ካይ» (መብላት) እና «ኮራ» (ሎብስተር፣ ከሽሪምፕ የሚበልጥ ቅርፊታም የባሕር እንስሳ) ከሚሉት የተሠራ ነው። አስጎብኚ ድርጅት በአርማው ላይ የሚያደርገው እንስሳ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ዓመተ ምሕረቱን እንዳለ ጻፉ፤ «እ.ኤ.አ.» ጨምሩበት፤ ወሩ ካልታወቀ ወደ እኛ አቆጣጠር አትለውጡ፤ ልዩነቱ ሰባት ይሁን ስምንት ዓመት የሚታወቀው በወሩ ነውና። የስሙን አቅጣጫም ፈትሹ፤ አንዳንዴ የሚሄደው ከቦታው ወደ እንስሳው ነው። ሰርዲን ስሙን ከሰርዲኒያ ደሴት ሳያገኝ አልቀረም ይባላል። እንዲህ ያለው «ይባላል» ተብሎ ይጻፍ እንጂ «ሰርዲኒያ በሰርዲን ተሰየመች» ተብሎ አይገልበጥ።