ለካርድና ለደብተር ሽፋን የሚሆን የቀለም ዳራ አዘገጃጀት

በእጅ የሚሠራ የሠርግ ጥሪ፣ የዒድ ወይም የገና ካርድ እና የማስታወሻ ደብተር ሽፋን በቀለም በተዘጋጀ ዳራ ላይ ሲሠራ ጽሑፉም ጌጡም ይጎላል። ለዚህ የሥዕል ችሎታ የግድ አይደለም፤ ዋናው ነገር የውሃውን መጠንና ወረቀቱ የሚደርቅበትን ፍጥነት መቆጣጠር ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ድሬዳዋ የቀትሩ ሙቀት ቀለሙ ተንሸራሽሮ ሳይዋሐድ ወረቀቱን ስለሚያደርቀው፣ እዚያ የሚሠራ ሰው ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፣ ማራገቢያውን አጥፍቶ ቢሠራ ይሻለዋል። ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው ሐረር ግን ቀኑን ሙሉ ያለ ችግር መሥራት ይቻላል።

ባለ 80 ግራም የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፤ ደጋግሞ ሲታሽም ይላጣል። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የውሃ ቀለም ወረቀት ከሁሉም ይመረጣል፤ ካልተገኘ ፊቱ የማያብረቀርቅ ወፍራም ካርቶን ይበቃል። ወረቀቱ አራቱም ጠርዙ በወረቀት ፕላስተር ተይዞ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ሲለጠፍ ሳይጠማዘዝ ይደርቃል፤ ፕላስተሩ ሲነሳም ዙሪያውን ንጹሕ ነጭ ክፈፍ ይቀራል።

ለቀለሙ ውድ ዕቃ መፈለግ አያስፈልግም። በጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች በጠርሙስ የሚሸጠው የፕሪንተር ቀለም፣ በተለይ በውሃ የሚሟሟው ዓይነት፣ በጣም ጥሩ ነው፤ ደማቅ ስለሆነም ለአንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ሁለት ሦስት ጠብታ ይበቃዋል። ጓንት ማድረግ ይገባል፤ ከጣት ላይ ቶሎ አይለቅም። ቀለም ሲመረጥ ሲገናኙ የማይደፈርሱ ሁለት ቀለሞችን መውሰድ ይበጃል፦ ሰማያዊና ሮዝ ሲገናኙ ሐምራዊ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሲገናኙ አረንጓዴ ይወጣል፤ ሦስቱም በአንድ ላይ ሲፈሱ ግን ትርፉ ጭቃ መሳይ ቡናማ ነው። ምርጫው ለተቸገረ ሰው በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ የሐረር ከተማ፣ በጀጎል፣ ጠባብ መንገዶች ግራና ቀኝ ካሉት ቀለም የተቀቡ ግድግዳዎች የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ሥራው የሚጀመረው ወረቀቱን በንጹሕ ውሃ በእኩል መጠን በማራስ ነው። ከዚያ አንዱ ቀለም ከአንድ ጥግ፣ ሌላው ከተቃራኒው ጥግ በሰፊ ቡሩሽ ይቀባና ጣውላው ቀስ ተብሎ ወደ መካከል ያዘነብላል፤ ቀለሞቹም ራሳቸው ተጉዘው ይገናኛሉ። በዚህ ጊዜ ቡሩሽ ማስገባት የቀለሙን ጉዞ ማበላሸት ስለሆነ እጅን መሰብሰብ ይገባል። ጽሑፍ የሚያርፍበት ቦታ ፈዘዝ እንዲል ከተፈለገ፣ ሳይደርቅ በተጨመቀ ስፖንጅ ጠቅ ጠቅ ተደርጎ ቀለሙ ይነሳል።

ከሁሉም የሚያምረው፣ ትዕግሥትም የሚጠይቀው፣ የጨው ዘዴ ነው። ሻካራ የጨው ፍሬ በዙሪያው ያለውን እርጥብ ቀለም ወደ ራሱ ስለሚስብ ፈዛዛ የኮከብ ቅርጽ ይተዋል። ሆኖም በወረቀቱ ላይ ውሃ ከተኛ ጨው ሟሙቶ ይጠፋል፤ ወረቀቱ ከደረቀ ደግሞ ምንም አይሠራም። ትክክለኛው ጊዜ የሚታወቀው ጣውላውን ወደ መስኮት ብርሃን አዘንብሎ በማየት ነው፦ መስታወት መሳዩ ብልጭታ ጠፍቶ ለስላሳ ወዝ ብቻ ሲቀር ጨው ይበተናል። በድሬዳዋ ይህ ወዝ ቶሎ ስለሚጠፋ ጨውን አስቀድሞ በእጅ መያዝ ይገባል። ፍሬዎቹን አራርቆ መበተን እንጂ ማከማቸት አያስፈልግም። ወረቀቱ በራሱ ጊዜ ከደረቀ በኋላ ጨው ተጠርጎ በደንብ ይራገፋል፤ የቀረ ፍሬ እርጥበት ስለሚስብ ማጣበቂያው አይይዝም።

ከወጥ ቤት የሚገኝ ቀለም ለሚመርጥ፣ በወፍራሙ ተፈልቶ የተጠለለ ቡና ወረቀቱን ያረጀ ያስመስለዋል። ከርከዴ ደግሞ ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ ሲንጠባጠብበት ከቀይነት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይለወጣል፤ ለልጆች ጥሩ ትርኢት ነው፤ ነገር ግን በብርሃን ቶሎ ስለሚደበዝዝ ለዓመታት ለሚቀመጥ ሥራ አይሆንም። የፕሪንተር ቀለምም ቢሆን ፀሐይ አይወድም። የማይደበዝዝ ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው ከጥላሸት በሚዘጋጀው ጥቁር ቀለም ቢጽፍ ይሻላል።

ዳራው ከደረቀ በኋላ ጌጥ ሊጨመርበት ይችላል። በሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የስፌት ጌጥ፣ ለምሳሌ ተደራራቢ ሦስት ማዕዘኑን፣ ከፕላስቲክ ፋይል ሽፋን ላይ በምላጭ ቆርጦ ማውጣትና በማኅተም ቀለም በተነካ ደረቅ ስፖንጅ በቀዳዳው ላይ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ነው። ስፖንጁ እርጥብ ከሆነ ቀለሙ ከሥር ሾልኮ ጠርዙን ያበላሸዋል። አንድ ረድፍ ይበቃል፤ ዳራው ሁሉ በጌጥ ከተሞላ ለስምና ለቀን የሚሆን ቦታ አይቀርም።

በመጨረሻ ወረቀቱ በሁለት ንጹሕ ወረቀቶች መካከል ሆኖ ከጀርባው በኩል እንፋሎት በሌለው ለብ ያለ ካውያ ይተኮሳል፤ ከዚያም በከባድ መጽሐፍ ሥር ያድራል። በውሃ የሚሟሟ ቀለም ከደረቀም በኋላ ውሃ ሲያገኝ ስለሚለቅ፣ ካርዱ ላይ ሲለጠፍ ፈሳሽ ኮላ ሳይሆን ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር መጠቀም ያስፈልጋል።