ከሳልቫዶር ጎረቤትዎ ጋር የሚያግባባ ስፓኒሽ እንዴት ይለመዳል?

አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባሉት ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ አፓርታማ ውስጥ ለሚኖር ሐበሻ፣ ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤት ብዙ ጊዜ የኤል ሳልቫዶር ሰው ነው። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ፈገግ ብለን እንተላለፋለን፤ በዚሁ ዓመታት ያልፋሉ። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ለመግባባት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

መጀመሪያ ሰላምታውን ይያዙ። እስከ ቀትር «ቡዌኖስ ዲያስ»፣ ከሰዓት «ቡዌናስ ታርዴስ»፣ ሲመሽ «ቡዌናስ ኖቼስ»። ከተምታታብዎ «ቡዌናስ» ብቻ ይበሉ፤ ለሁሉም ሰዓት ይሆናል። ጎረቤት ወንድ ከሆነ «ቤሲኖ»፣ ሴት ከሆነች «ቤሲና» ነው። ከዚያ እንደኛው ይጠይቁ፦ «ኮሞ ኤስታ ኡስቴድ?» እንዴት ነዎት? «ኢ ላ ፋሚሊያ?» ቤተሰብስ?

«ኡስቴድ» የኛው «እርስዎ» ነው። ሳልቫዶሮች እርስ በርሳቸው «ቦስ» ሲባባሉ ይሰማሉ። እሱ ለቅርብ ሰው ነው፤ እስኪቀራረቡ ድረስ በ«ኡስቴድ» ይቆዩ። ትልቅ ሴት ሲጠሩ ከስማቸው በፊት «ዶኛ» ይበሉ፤ «እትዬ» እንደማለት ነው።

ቃላቱን በፊደላችን ይጻፏቸው። በላቲን ከጻፏቸው አፍዎ ወደ እንግሊዝኛ ይስብዎታል። አምስቱም የስፓኒሽ አናባቢዎች እኛ ጋ አሉ፤ «ኝ»ም አለችን። ነገ ለማለት «ማኛና» ማለት ምን ያስቸግራል? ጥንቃቄ የሚፈልገው ድምፅ የሚጠነክርበት ቦታ ነው። «ፓፓ» ሲሉ መጀመሪያው ከጠነከረ ድንች፣ መጨረሻው ከጠነከረ አባባ ይሆናል።

የዕለት ቃላትን በቀን ሦስት ሦስት ይጨምሩ፦ ቁልፍ «ያቤ»፣ ቆሻሻ «ባሱራ»፣ በረዶ «ንዬቤ»፣ የቤት ኪራይ «ሬንታ»። ወረቀቱን ዕቃው ላይ ይለጥፉት። ቆሻሻ ሲያወጡ «ባሱራ» ይበሉ፣ ጮክ ብለው።

ከሁሉ የሚጣፍጠው ትምህርት ግን ምግብ ላይ ነው። ፑፑሳ ውስጡ አይብ ወይም ቦሎቄ ያለበት ወፍራም የበቆሎ ቂጣ ነው። «ኩርቲዶ» ከሚባል የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ጋር፣ እንደኛ በእጅ ይበላል። ጎረቤትዎ በሳህን ካመጡልዎ «ሙቻስ ግራሲያስ» ይበሉ። ሳህኑን ባዶውን አይመልሱት። ድፎ ዳቦ ወይም ቆሎ ያድርጉበትና በራቸውን አንኳኩተው «ፓራ ኡስቴድ» ይበሉ፤ ለእርስዎ ማለት ነው።