ቀርጤስ ለዕረፍት የሚሄድ ሰው የሚሳሳታቸው ነገሮች

ቀርጤስን አብዛኞቻችን የምናውቃት ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ጳውሎስ ቲቶን ትቶት የሄደባት የግሪክ ደሴት። እኔም ከፍራንክፈርት ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ እውቀቴ ከዚያ አያልፍም ነበር። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ተመላልሼባታለሁ። እናም ዘመድም ጓደኛም ሊሄድ ሲነሣ ይደውልልኛል፤ የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሌባ አለ እንዴ?» ሌባ የትም አለ፤ ቦርሳችሁን ያዙ። እኔ እዚያ ዕረፍታቸው ሲበላሽ ያየኋቸው ሰዎች ግን ሌባ አልነካቸውም፤ መንገዱ፣ ነፋሱና ፀሐዩ ናቸው ጉድ የሠሯቸው።

«ደሴት አይደለች፣ በአንድ ቀን እንዞራታለን» ማለት

ደሴቲቱ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ትረዝማለች፤ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ እንደ መሄድ ነው። መሐሏ ደግሞ ተራራ ነው። ፕሲሎሪቲስ 2,456 ሜትር ይደርሳል፤ ከባሕሩ ዳርቻ ቁርስ በልቶ የተነሣ ሰው የአዲስ አበባን ከፍታ የሚተካከል ተራራ አጠገቡ ነው። ሄራክሊዮን ከተማ ውስጥ ሆቴል ይዞ በምዕራብ ጫፍ ያለውን የኤላፎኒሲን ሮዝ አሸዋ በደርሶ መልስ ለማየት የሚነሣ ሰው ሰባት ሰዓት ያህል መኪና ውስጥ ይቀመጣል። የተሻለው ዕረፍቱን ለሁለት መክፈል ነው፦ ግማሹን በምዕራብ ባለችው ሃንያ፣ ግማሹን ሄራክሊዮን። ሁለቱም ከተሞች አውሮፕላን ማረፊያ ስላላቸው በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት ይቻላል።

የኪራይ መኪናውን ውል ሳያነቡ መፈረም

ከሃንያ በስተ ምዕራብ ባሎስ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ፤ ፎቶውን አይታችሁት ይሆናል። ወደዚያ የሚወስደው የመጨረሻው 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ፒስታ መንገድ ነው፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ፍየል። ሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ አብሮን የነበረ ጓደኛዬ «ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ ነዳው። ስለታም ድንጋይ ጎማውን በጎኑ ቀደደው። መኪናውን ስንመልስ የኪራይ ቤቱ ልጅ ምንም ሳይናገር በሆዱ ተኛና በስልኩ መብራት የመኪናውን ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ አየ። ከዚያ ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈና ውሉን ከፍቶ አንዲት መስመር በጣቱ አሳየን፦ ጎማ፣ መስታወትና የመኪናው ሥር አይሸፈንም፤ ፒስታ ላይ ከተነዳ ደግሞ ምንም አይሸፈንም። እዚያ ብዙ ውል እንዲህ ያለ መስመር አለው። ስለዚህ «ሙሉ» የሚለውን ቃል አትመኑ፤ የማይሸፍነውን ጠይቁ፣ መኪናውንም ስትረከቡ ዙሪያውን ቪዲዮ አንሡት። ባሎስን ማየት ከፈለጋችሁ ከኪሳሞስ ወደብ ጀልባ አለ።

በዋናው የሰሜን አውራ ጎዳና ላይ ደግሞ ሌላ ልማድ አለ። በዝግታ የሚሄድ ሰው ግማሽ መኪናውን ከነጩ መስመር ወደ ቀኝ አውጥቶ ይነዳል፤ ከኋላው ያለው እንዲያልፈው ነው። ይህን የማያውቅ እንግዳ መሐል መንገድ ላይ በ70 ሲሄድ ከኋላው ክላክስ ይደረደራል፤ ተናድዶ ይበልጥ ይዘገያል፤ ያኔ ነው አደገኛው መቀዳደም የሚመጣው። ለማሳለፍ ወደ ቀኝ ስትወጡ ግን ከኩርባው ወዲያ የቆመ መኪና ሊኖር ስለሚችል አርቃችሁ እዩ።

ባሕሩ ጸጥ ስላለ ብቻ መግባት

እንደ እኔ ከስህተቶቹ ሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። በጁላይና በኦገስት ሜልቴሚ የሚባል የሰሜን ነፋስ ይነፍሳል፤ አንዳንዴ ለቀናት አያባራም። በሰሜን ዳርቻ ሲነፍስ ማዕበሉን ስለሚያስነሣ አደጋው በዓይን ይታያል፤ ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ መዋኘት የለም። ብልጥ ነኝ ያለ ሰው ታዲያ ተራራውን አቋርጦ ወደ ደቡብ ዳርቻ ይሄዳል። እዚያ ባሕሩ እንደ ሳህን ዝርግ ነው። ነፋሱ ግን አልቆመም፤ ከተራራው ወርዶ ከየብስ ወደ ባሕር እየነፈሰ ነው። ውኃው ዝርግ የሆነው ለዚህ ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን ያነበበ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። የጳውሎስ መርከብ በዚሁ በደቡብ ዳርቻ መልካም ወደብ በተባለው ስፍራ አርፋ ነበር፤ ስፍራው ዛሬም በግሪክኛ ያንኑ ስም ይዞ አለ። ቀለል ያለ የደቡብ ነፋስ ሲነፍስ አይተው መልሕቅ አነሡ። ብዙም ሳይቆይ ዐውሎ ነፋስ ከደሴቲቱ ወረደባቸውና ወደ ክፍት ባሕር ነዳቸው፤ የደረሱት ማልታ ነው።

ያ ነፋስ ዛሬ የሚወስደው የፕላስቲክ ፍላሚንጎ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ አባት የልጁን ተንሳፋፊ ለመያዝ ሲዋኝ አይቻለሁ። ልጁ ደግነቱ ወርዷል። ሰውየው በደረሰበት ቁጥር ፍላሚንጎው አሥር ሜትር ይርቃል፤ ሰው ከዳር እየጮኸ «ተወው!» ይለዋል። በመጨረሻ ተወው፤ ሲመለስ ግን ነፋሱን ፊት ለፊት መግጠም ነበረበትና አሸዋው ላይ ሲወድቅ መናገር አቅቶት ነበር። ስለዚህ ነፋስ ከጀርባችሁ ወደ ባሕር ከነፈሰ የሚነፋ ፍራሽም ሆነ ጎማ አታስገቡ። የሄደ ዕቃን አትከተሉ። ራሳችሁ ላዩ ሆናችሁ ከተወሰዳችሁ አትልቀቁት፣ እጃችሁን አውለብልቡ። ዳር ያለ ሰው 112 ወይም የወደብ ጥበቃውን 108 ይደውል።

ይኸው ነፋስ መርከብም ያስቀራል። ከሄራክሊዮን ወደ ሳንቶሪኒ ደሴት ደርሶ መልስ የምታስቡ ከሆነ በረራችሁ ዋዜማ ላይ አታድርጉት።

«እኛን ፀሐይ አይነካንም»

ይህችን የሐበሻ ጀብደኝነት ደጋግሜ ሰምቻታለሁ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው የሚያውቀው የደጋ ፀሐይ ነው፤ ጥላ ሥር ከገቡ ይበርዳል። ቀርጤስ ላይ ከአፍሪካ በኩል ነፋስ ሲመጣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል፣ ጥላውም ይሞቃል። እ.ኤ.አ. በጁን 2024 በግሪክ ደሴቶች ላይ በሙቀት ማዕበል ወቅት በእግር የወጡ በርካታ ጎብኚዎች ሞተዋል።

የሰማርያ ሸለቆ ብዙ ሰው የሚደክምበት ነው። ከላይ 1,230 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተነሥቶ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ባሕር ላይ ያበቃል። ቁልቁለት ስለሆነ ይቀላል የሚል ካለ በማግሥቱ ጉልበቱን ይጠይቅ። ታች ያለችው አጊያ ሩሜሊ የመኪና መንገድ የላትም፤ መውጫው በጀልባ ነው። የመጨረሻው ጀልባ የሚነሣበትን ሰዓት ሳያውቁ ከላይ መነሣት አያዋጣም። በነጠላ ጫማ ሲወርዱ ያየኋቸውን ሰዎች መጨረሻ አላውቅም፤ እኔ ደረቅ ቡትስ አድርጌም ሁለት ጥፍር አጥቻለሁ።

የጥንቱን የክኖሶስ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽም በእኩለ ቀን አትሞክሩት። ጥላ የለውም፣ የሽርሽር መርከብ ተሳፋሪዎችም ያጥለቀልቁታል፤ በር ሲከፈት ግቡ። ቀዩን ዓምድ ስታዩ «4 ሺህ ዓመት እንዲህ ቆመ?» እንዳትሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1900 ቁፋሮ የጀመረው አርተር ኤቫንስ በሲሚንቶ መልሶ ያቆመው ነው።

የማያውቁትን ፍጥረት መንካት

ድንጋያማ ዳርቻ ላይ እንደ ጃርት እሾህ ያለው ጥቁር ኳስ የሚመስል ፍጥረት አለ፤ ርካሽ የውኃ ጫማ ይበቃዋል። አሸዋ ውስጥ የሚደበቅ እሾኻማ ዓሣ ከወጋችሁ ደግሞ እግራችሁን በማያቃጥል ሙቅ ውኃ ውስጥ ንከሩት፣ ሕመሙን ያበርደዋል። በመንጠቆ የሚያጠምዱ ሰዎች ላጎኬፋሎስ ከሚባለው ብርማ ዓሣ ይጠንቀቁ። ከእኛው ከቀይ ባሕር በስዊዝ ካናል የተሻገረ ነው። መርዙ ቢቀቀልም አይጠፋም፣ ጥርሱም ጣት ይጎዳል።

ሒሳቡ ሲመጣ መደንገጥ

ሜኑ ላይ የዓሣ ዋጋ ብዙ ጊዜ የኪሎ ነው። ሳይመዘን አታዝዙ። ሳትጠይቁት የሚመጣው ዳቦም ይታሰባል፣ ትንሽ ነው። በግሪክ ሕግ ደረሰኝ ያልተሰጠው ደንበኛ የመክፈል ግዴታ የለበትም፤ ሜኑው ላይም ተጽፎ ታገኙታላችሁ። በሌላ በኩል ከምግብ በኋላ የሚመጣው ሐብሐብና ራኪ ስጦታ ነው። «ላላዘዝነው አንከፍልም» ብላችሁ አትመልሱ፤ ይከፋቸዋል። ራኪው የአረቄያችን ዘመድ ነውና የሚነዳው ሰው ግን ከንፈሩን ብቻ ያስነካው።

ሆቴል ስትገቡ ደግሞ በኢንተርኔት ከከፈላችሁት ውጪ የመንግሥት ክፍያ አለ። በ2025 ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ለአንድ ክፍል በሌሊት ባለ 4 ኮከብ 10 ዩሮ፣ ባለ 5 ኮከብ 15 ዩሮ ነበር። ማጭበርበር መስሏቸው እንግዳ መቀበያው ላይ የሚጣሉ አሉ። የሽንት ቤት ሶፍትም ቅርጫት ውስጥ ነው የሚጣለው፤ ቱቦው ጠባብ ነው።

ኦገስት 15ን መርሳት

የግሪኮች የፍልሰታ በዓል ነው፤ ከፋሲካ ቀጥሎ ትልቁ። ጾማቸው ከኦገስት 1 ይጀምራል፣ የእኛ በ7፤ ስለዚህ አንድ ሳምንት አብረን እንጾማለን። በበዓሉ ሰሞን አቴና ያለ ሰው ሁሉ ወደ አገሩ ስለሚገባ መርከብም ክፍልም አይገኝም፣ ሱቅም ይዘጋል። ቀደም ብላችሁ ያዙ። ገዳም ስትገቡ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ ነጠላ የያዘች ሴት ችግር የለባትም።

ለጿሚ ደግሞ አንዲት ቃል ትበቃዋለች፦ «ኒስቲሲሞ»፣ የጾም ማለት ነው። አክስቴን ይዤ በሄድኩበት ዓመት ይህችን ቃል አስጠናኋት። ሬቲምኖ ከተማ አንድ ምግብ ቤት ገብተን ራሷ በኩራት አዘዘች። አስተናጋጇ ደስ ብሏት ሄደችና የተጠበሰ የኦክቶፐስ እግር ከነመምጠጫው በሳህን ይዛ መጣች። አክስቴ ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች፣ አማተበች። አስተናጋጇ ግራ ገብቷት በተሰባበረ እንግሊዝኛ አስረዳችን፦ ደም ስለሌለው ጾም ነው። ካህኑም ይበላሉ።

«እሳቸው ይብሉት» አለች አክስቴ፤ ሳህኑን ወደ እኔ ገፍታ ዳቦውን በወይራ ዘይት አጥቅሳ መብላት ጀመረች።