ለዌብ መተግበሪያ ዳታቤዝ ስትመርጡ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

የፍጥነት ሠንጠረዥ አይቶ መምረጥ

ዳታቤዝ ሊመርጥ የተነሣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው «በሰከንድ ስንት ትራንዛክሽን?» የሚለውን ቁጥር ነው (ትራንዛክሽን ማለት አብረው የሚጸኑ ወይም አብረው የሚሰረዙ ለውጦች ስብስብ ነው)። ቁጥሩን ያወጣው ሰው ዳታቤዙን በምን ቅንብር እንዳስኬደው ግን የሚጠይቅ የለም። ይህ ካልታወቀ ቁጥሩ ምንም አይነግራችሁም፤ ምክንያቱም ፍጥነትን በርካሽ ማግኛው መንገድ ደኅንነትን ማጥፋት ነው።

ዳታቤዙ ኮሚቱን (ትራንዛክሽኑን አጽና የሚለውን ትእዛዝ) ተቀብሎ «ጨርሻለሁ» ካለ፣ በዚያው ቅጽበት መብራት ቢጠፋ እንኳ ዳታው መገኘት አለበት። ለዚህ ሲባል ለውጡ የተመዘገበበት ሎግ በኤፍሲንክ ትእዛዝ ከሜሞሪ ወርዶ ዲስኩ ላይ እስኪሰፍር ይጠበቃል። ጊዜ የሚበላው ይህ መጠበቅ ነው። እሱን አስቀርቶ «ፈጠነ» ማለት ፍሬኑን አውልቆ መኪናው ቀለለ እንደማለት ነው።

ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ይህን የሚወስነው የኢኖዲቢ (ዳታውን የሚያስቀምጠው ሞተር) ቅንብር መነሻ ዋጋው 1 ነው፤ ሎጉ በየኮሚቱ ዲስክ ላይ ይሰፍራል። 2 ከተደረገ ማሽኑ ድንገት ሲጠፋ፣ 0 ከተደረገ ደግሞ የዳታቤዙ ፕሮግራም ብቻውን ቢወድቅም፣ የመጨረሻው አንድ ሰከንድ ገደማ ሥራ ይጠፋል። ፖስትግሬስ በሚባለው ሌላው ዳታቤዝ ላይ ጀማሪዎች የሚያምታቷቸው ሁለት ቅንብሮች አሉ። ሲንክሮነስ ኮሚትን (በየኮሚቱ ሎጉ ዲስክ ላይ እስኪሰፍር መጠበቅን) ማጥፋት የመጨረሻዎቹን ጥቂት ትራንዛክሽኖች ያሳጣል እንጂ ዳታቤዙን አያበላሽም፤ ለጎብኚ መቁጠሪያ ዓይነት ሥራ ይሆናል። ኤፍሲንክን ማጥፋት ግን ዳታቤዙን በሙሉ መልሶ እንዳይነሣ አድርጎ ሊያበላሸው ይችላል። ለመፈተኛ ማሽን ካልሆነ በቀር ይህን የሚመክር ጽሑፍ ካያችሁ ዝጉት።

ቅንብሩ ትክክል ሆኖ ዲስኩ የሚዋሽበትም ጊዜ አለ። መብራት ሲጠፋ ካሼውን (ጊዜያዊ ማቆያውን) የሚያድንበት ካፓሲተር (ጥቂት ኃይል የሚያቆይ ክፍል) የሌለው ኤስኤስዲ ዲስክ «ጻፍኩ» ብሎ ዳታውን ካሼው ውስጥ ብቻ ይዞት ሊገኝ ይችላል። መፈተኑ ቀላል ነው። በየትራንዛክሽኑ ተከታታይ ቁጥር የሚያስገባ አጭር ስክሪፕት ከሌላ ኮምፒውተር አስኪዱ፤ ኮሚት የሆነለትን ቁጥር ሁሉ እዚያው ይመዝግብ። መሀል ላይ የሰርቨሩን ገመድ ከሶኬት ንቀሉ፤ በትእዛዝ ማጥፋት አይቆጠርም። ሰርቨሩ ሲነሣ የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች አስተያዩ። ሰርቨሩ ላይ ያለው ከተመዘገበው ካነሰ፣ ከቅንብሩ ወይም ከዲስኩ አንዱ ዋሽቷል። አምስት ስድስት ጊዜ ድገሙት፤ አንዴ ማለፍ ዕድል ሊሆን ይችላል።

ፖስትግሬስ ራሱም ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ2018 ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሊኑክስ አንድ ጊዜ መጻፍ አለመቻሉን ከተናገረ በኋላ በሁለተኛው ኤፍሲንክ «ተሳክቷል» ሊል እንደሚችል፣ ፖስትግሬስም ይህን አምኖ እንደሚቀጥል ታወቀ። ከስሪት 11.2 ወዲህ ፖስትግሬስ ኤፍሲንክ ሲከሽፍ ደግሞ አይሞክርም፤ ራሱን አቁሞ ከሎጉ ያገግማል። አስተማማኝ የምለው እንዲህ ሲጠራጠር መቆም የሚመርጠውን ነው።

የሰጡትን ሁሉ የሚውጥን ዳታቤዝ «አያስቸግርም» ብሎ መውደድ

የድሮ ማይኤስኪውኤል ለአሥር ፊደል በተዘጋጀ ዓምድ አሥራ አምስት ሲሰጡት አምስቱን ቆርጦ ይጥልና በማስጠንቀቂያ ብቻ ያልፍ ነበር። ከስሪት 5.7 ወዲህ የማይገጥም ዳታ ሲመጣ ስህተት የሚመልሰው ጥብቁ ሞድ መነሻ ሆኗል፤ ነገር ግን ከአሮጌ ሰርቨር የተገለበጠ የቅንብር ፋይል መልሶ ሊያጠፋው ስለሚችል፣ ኤስኪውኤል ሞድ የሚባለው ቅንብር ምን እንደሚል ራሳችሁ አረጋግጡ። ቼክ የሚባለውን ገደብ ደግሞ እስከ 8.0.16 ድረስ አንብቦ ዝም ብሎ ይተወው ነበር፤ «ዋጋ ከዜሮ በታች አይሁን» ብላችሁ የጻፋችሁት ጽሑፍ ብቻ ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው። አሮጌ ሠንጠረዦች ላይ ማይአይሳም የሚባለውን ሞተር ካገኛችሁ ወደ ኢኖዲቢ ቀይሩት፤ ትራንዛክሽን የለውም፣ ፎሪን ኪይም (አንድ ረድፍ የሚጠቅሰው የሌላ ሠንጠረዥ ረድፍ መኖር አለበት የሚለውን ገደብ) አያስከብርም።

ማይኤስኪውኤል ዩቲኤፍ8 ብሎ ሲጠራው የኖረው ፊደልን ወደ ባይት የመቀየሪያ ዘዴ በአንድ ፊደል ከሦስት ባይት በላይ አይዝም። የምንጽፍባቸው የግዕዝ ፊደላት ሦስት ሦስት ባይት ስለሆኑ ሙከራው ሁሉ ያልፋል። አንድ ተጠቃሚ ኢሞጂ ያስገባ ዕለት ግን አራት ባይት ይመጣና ወይ ስህተት ይመለሳል፣ ወይም ጥብቁ ሞድ ከጠፋ ከኢሞጂው ጀምሮ ያለው ጽሑፍ ይቆረጣል። ከመጀመሪያው አራት ባይት የሚይዘውን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አድርጉት።

ገንዘብ በፍሎት (አስርዮሽን በግምት በሚይዝ የቁጥር ዓይነት) አይቀመጥም፤ ልኩን የሚይዘው ኑሜሪክ ወይም ዴሲማል ነው።

ኤስኪውላይትን መናቅ፣ ወይም ከአቅሙ በላይ መጫን

አንድ ሰርቨር ላይ ለሚኖርና ከመጻፍ ይልቅ ማንበብ ለሚበዛበት ድረ ገጽ ኤስኪውላይት (ያለ ራሱን የቻለ ሰርቨር በአንድ ፋይል የሚኖር ዳታቤዝ) በዋል ሞድ (ለውጡ መጀመሪያ በተለየ ሎግ በሚጻፍበት አሠራር) ይበቃል። በአንድ ጊዜ የሚጽፈው ግን አንድ ብቻ ነው። ፋይሉን በኔትወርክ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ሁለት ሰርቨር ማጋራት ደግሞ ብልሽት መጥራት ነው። ፎሪን ኪይ በየኮኔክሽኑ ካልተከፈተ እንደማይሠራም አትርሱ።

«ኦአርኤም ስላለን በኋላ እንቀይራለን»

አትቀይሩም። ኦአርኤም (ኮዱን ወደ ዳታቤዙ ትእዛዝ የሚተረጉም ላይብረሪ) የዳታቤዞቹን ልዩነት ሁሉ አይሸፍንም። ትራንዛክሽኖች እርስ በርስ የሚተያዩበት መነሻ ደረጃ ፖስትግሬስ ላይ ሪድ ኮሚትድ (እያንዳንዱ መጠይቅ እስከዚያ ኮሚት የሆነውን ያያል)፣ ኢኖዲቢ ላይ ሪፒተብል ሪድ (ትራንዛክሽኑ ደግሞ ሲያነብ ያንኑ ያያል) ነው፤ ያው ኮድ በሁለቱ ላይ የተለያየ ሂሳብ ሊያወጣ ይችላል። የሠንጠረዥ ለውጥ መሀል ላይ ቢከሽፍ ፖስትግሬስ በትራንዛክሽን ውስጥ ያለውን ሁሉ ይመልሳል፤ ማይኤስኪውኤል ግን እያንዳንዱን ለውጥ ወዲያው ኮሚት ስለሚያደርግ ግማሽ መንገድ ላይ ትቀራላችሁ።

የኮኔክሽን ቁጥርን አለማስላት

ፖስትግሬስ በአንድ ጊዜ የሚቀበላቸው ኮኔክሽኖች (ከመተግበሪያው የሚመጡ ግንኙነቶች) መነሻ ጣሪያ 100 ነው። እያንዳንዳቸው 30 ኮኔክሽን የያዘ ፑል (ተከፍተው የሚቆዩ ኮኔክሽኖች ስብስብ) ያላቸው አራት የመተግበሪያ ሰርቨሮች 120 ይጠይቃሉ፤ የሚወድቀውም ሰው በበዛበት ሰዓት ነው። ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን የራሱ ፕሮሰስ ስለሚከፈት ጣሪያውን ዝም ብሎ ወደ 1000 ማሳደግ መፍትሔ አይደለም። መሀል ላይ ጥቂት ኮኔክሽኖችን ለብዙዎች የሚያጋራውን ፒጂባውንሰር አስገቡ።

ሬፕሊካን ባክአፕ ብሎ መጥራት

ሬፕሊካ የዋናውን ዳታቤዝ ለውጥ ሁሉ የሚከተል ቅጂ ነው፤ ስለዚህ በስህተት የተሰረዘ ሠንጠረዥ ሬፕሊካው ላይም ወዲያው ይሰረዛል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድርጅት ውስጥ አንድ ባለሙያ የዋናውን ዳታቤዝ ማኅደር በስህተት ሰረዘ። ዕለታዊው ባክአፕ ሲፈለግ አልነበረም፤ የፖስትግሬስ ባክአፕ ማውጫ የሆነው ፒጂ ዳምፕ ስሪቱ 9.2 ሆኖ ስሪቱ 9.6 በሆነ ዳታቤዝ ላይ እየተላከ ይከሽፍ ኖሯል፤ የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎቹም አልደረሱም። ስድስት ሰዓት ገደማ ያህል ዳታ ጠፋ፤ ድርጅቱ ይህን ሁሉ ራሱ በይፋ ጽፎታል። ስለዚህ ባክአፑ በየሳምንቱ ባዶ ማሽን ላይ በስክሪፕት ይመለስ፤ የዋና ዋና ሠንጠረዦች ረድፍ ይቆጠር፤ ስንት ደቂቃ እንደፈጀም ይመዝገብ።

ስሪትንና ከሥሩ ያለውን ሲስተም መርሳት

የፖስትግሬስ ዋና ስሪት አምስት ዓመት ይደገፋል፤ ማይኤስኪውኤል 5.7 እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 አብቅቶለታል። ብዙዎች የማያስቡት ግን ዳታቤዙ ሳይነካ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ብቻ ሲቀየር የሚመጣውን ነው። የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ የሆነው ጂሊብሲ በስሪት 2.28 የፊደል ቅደም ተከተል ደንቡን ስለለወጠ፣ ዴቢያን ከሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ከስሪት 9 ወደ 10 የተሻገረ ፖስትግሬስ የጽሑፍ ኢንዴክሶቹ (የፍለጋ ማውጫዎቹ) በአሮጌው ቅደም ተከተል እንደተደረደሩ ይቀራሉ። ፍለጋው ያለውን ረድፍ «የለም» ይላል፤ ልዩ መሆን ያለበት ኢሜይልም ሁለቴ ይገባል። እንዲህ ዓይነት ዝውውር ሲኖር ወይ በዳምፕ አውጥታችሁ መልሱት፣ ወይም ተጠቃሚ ከመግባቱ በፊት የጽሑፍ ኢንዴክሶችን በሙሉ ሪኢንዴክስ አድርጉ (እንደ አዲስ ገንቧቸው)።