ዶዚሜትሪ ልትማሩ ያሰባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን እዩ

አሜሪካ ያላችሁ ፊዚክስ ወይ ራዲዮቴራፒ የተማራችሁ ልጆች፣ የሜዲካል ዶዚሜትሪ (ለካንሰር ታማሚ የሚሰጠውን ጨረር በኮምፒውተር የማቀድ ሙያ) ማስተርስ ልትጀምሩ ከሆነ መጀመሪያ ፕሮግራሙ የጄአርሰርት (JRCERT፣ ለጨረር ሙያ ትምህርቶች እውቅና የሚሰጠው ተቋም) እውቅና እንዳለው ራሱ የጄአርሰርት ዌብሳይት ላይ ገብታችሁ አረጋግጡ፣ ምክንያቱም ድሮ ስራ ላይ ሰልጥኖም የሲኤምዲ (CMD፣ የዶዚሜትሪስት የሙያ ማረጋገጫ) ፈተና መቀመጥ ይቻል ነበር፣ ከ2017 (በፈረንጆቹ) ወዲህ ግን ቀርቷል። ባችለር ዲግሪም ግዴታ ነው።

ከዛ ሳታመለክቱ አንድ የጨረር ህክምና ክፍል ደውላችሁ አስፈቅዱና ዶዚሜትሪስት አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ዋሉ፣ ብዙ ፕሮግራሞችም ይጠይቁታል። እኔ ስውል ልጅቷ የታማሚው ሲቲ ስካን ላይ ህብለ ሰረሰሩን ምስል በምስል እየከበበች፣ ከ45 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) እንዳያልፍበት ጨረሩን ስንቴ እንዳስተካከለች፣ ልቤን የወሰደው እሱ ነው። ውሎው ስክሪን ላይ ነው እንግዲህ፣ ከታማሚ ጋር መዋል የምትወዱ ጨረሩን ለታማሚው የሚሰጠው የጨረር ቴራፒስትነቱ ይሻላችኋል።